ድሩን ያደራው ማን ነበር?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠብደል ጠብደል ያሉ መጻሕፍት ይዞልኝ መጣ። «መቼም አንተ የማታነበው የለህም» ብሎ በፌዝ ነበር ያቀበለኝ። ገለጥ ሳደርጋቸው የሥዕል ታሪክ ናቸው። በ1960ዎቹ በየወሩ በቀጭን መጽሔት መልክ ይወጣ የነበረው «ዘ አሜዚንግ ስፓይደር ማን»፣ ከቁጥር 31 እስከ ቁጥር 50 ያለው፣ በሁለት ጥራዝ ተጠርዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) እኔም እንደ ማንኛውም «ቁም ነገረኛ» ሰው «የልጅ ነገር ነው» ብዬ መደርደሪያ ላይ ወረወርኳቸው። መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ሌላ የሚነበብ አጠገቤ ስላልነበረ በሻማ አነሳኋቸው። ሻማው እስኪያልቅ አላስቀመጥኳቸውም።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ጀግናው ስላሸነፋቸው ክፉዎች አይደለም። ስለ አንድ ቅጠል መገልበጥ ነው። በመጀመሪያው ጥራዝ መጨረሻ አካባቢ ቁጥር 38 ያልቅና ቁጥር 39 ይጀምራል። የመጽሔቱ ስም ያው ነው። ጀግናው ያው፣ ከተማው ያው፣ አክስቱም ያቺው ናት። ከገጸ ባሕርያቱ አፍ የሚወጣውን ቃል የሚጽፈው ሰው እንኳ አልተለወጠም። ሥዕሉን የሚሥለው ሰው ግን ሌላ ነው። የዘመኑ አንባቢ በሁለቱ መካከል አንድ ወር ጠብቋል፤ እኔ አንድ ቅጠል ገለበጥኩ። ገልብጬም ቀጥ አልኩ። የማውቀው ሰው ቤት ገብቼ፣ ወንበሩም ቁም ሳጥኑም በቦታው ሆኖ፣ «ግባ፣ ቁጭ በል» የሚለኝ ሰው ሌላ ሆኖ እንዳገኘሁት ያህል ነበር።

ስፓይደር ማንን ፈጽሞ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊልሙን ያላየ እንኳ መርካቶ በተሰቀለ የልጆች ቦርሳ ወይም ካናቴራ ላይ ያንን ቀይና ሰማያዊ ጭምብላም አይቶታል። ስለ ፒተር ፓርከር ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፒተር ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ኩዊንስ በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል በአጎቱ በቤንና በሚስቱ በሜይ እጅ ያደገ ተማሪ ነው። ጨረር ያገኛት ሸረሪት ነክሳው ግድግዳ መቧጠጥና የማይነሳ ማንሳት ቻለ። መጀመሪያ ኃይሉን ለገንዘብ አዋለው። አንድ ቀን ሌባ አጠገቡ ሲያመልጥ «ምን አገባኝ» ብሎ ዝም አለ፤ ያው ሌባ አጎቱን ገደለበት። ከዚያ ወዲያ የፒተር ሕይወት ዕዳ መክፈል ነው። ታሪኩ በ1962 በአሥራ አንድ ገጽ ታተመ፤ በ1963 የራሱ መጽሔት ተከፈተለት። አሳታሚው ማርቭል፣ አዘጋጁና ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ። ሊ ሥራውን መጀመሪያ የሰጠው ለጃክ ከርቢ ነበር። የከርቢ ልጅ ገና ከመነሻው ጀግና ጀግና ቢሸትበት ወስዶ ለዲትኮ ሰጠው።

ዲትኮ ጀግና መሣል አልወደደም። ትከሻው የጎበጠ፣ ጣቶቹ የረዘሙ፣ ፊቱ ላብ ያቸፈቸፈው ልጅ ሣለ። ከተማውም እንደዚያው ነው፤ ጣራ፣ የውኃ ጋን፣ ጠባብ ጓሮ፣ ማታ የሚበራ አንድ መስኮት። ገጹን ብዙ ጊዜ በትናንሽ ሣጥኖች ይከፋፍለዋል፤ ሰዎቹ በሣጥኖቹ ውስጥ ተጨናንቀው፣ አንዱ ሌላውን በጎን እያየ ይተላለፋሉ። ቆንጆ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቢኖርም ቁንጅናው እንደ ተዘጋ በር ነው። ፒተር በቁጥር 31 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አክስቱ ታማ ሐሳቡ ሁሉ ከእሷ ጋር ነው፤ አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቹ ሰላም ሲሉት አይሰማቸውም። እነሱም «ኩራተኛ» ብለው ይተዉታል። ማንም ጥፋተኛ ባልሆነበት ሰው ብቻውን ሲቀር የሚያሳይ እንዲህ ያለ ትንሽ ትዕይንት በብዙ «ትልቅ» ልቦለድ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቁጥር 33ን የማያነሳ ስለ ዲትኮ አልተናገረም። አክስት ሜይ ልትሞት ነው። ገዳዩ ደግሞ ፒተር ራሱ ነው፤ ቀደም ብሎ የሰጣት ደም ውስጥ ያለው ጨረር ነው የሚመርዛት። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ግን ባሕር ሥር በተሠራ ዋሻ ውስጥ ግዙፍ የብረት መሣሪያ ተንዶበታል፤ መድኃኒቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከፊቱ ይታየዋል፤ ጣራው ውኃ እያፈሰሰ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው። ዲትኮ ግን አንድ ሰው ከብረት ሥር ለመውጣት የሚያደርገውን ትግል ለገጾች ያህል ይዘረጋዋል። መጀመሪያ ሣጥኖቹ ጠባብ ናቸው፤ ልጁ ከብረቱ ብቻ ሳይሆን ከሣጥኑም ሥር የተቀበረ ይመስላል። ቀና ሲል ሣጥኑ ይሰፋል። ይወድቃል፤ ይጠባል። እንደገና ይሰፋል። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ገጽ ይከፈትና ብረቱ ከጫንቃው ላይ ይነሳል። ስታን ሊ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ቃላት ደርድሯል፤ ልጁ ለራሱ ይናገራል፣ ይምላል፣ ይገሥጻል። ጽሑፉን በመዳፌ ሸፍኜ ገጾቹን እንደገና አየኋቸው። ምንም አልጎደለኝም።

ይህን የመዳፍ ፈተና አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራራቸው ሳልናገር ባልፍ ነገሬ አይገባም። በማርቭል ቤት ጸሐፊው እንደ ቲያትር ሙሉውን ድርሰት ጽፎ ለሠዓሊው አያስረክብም ነበር። ስለ ታሪኩ ጥቂት ይነጋገራሉ፤ ሠዓሊው ቤቱ ሄዶ ሃያ ያህል ገጽ ይሥላል፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል፣ የቱ ቅጽበት እንደሚረዝም የቱ እንደሚዘለል የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ጸሐፊው በተሣለው ላይ ቃል ይሞላል። ለዲትኮና ለሊ ደግሞ የመጀመሪያው መነጋገርም ቀረ። ሁለቱ ሰዎች መነጋገር አቆሙ። ዲትኮ የጨረሰውን ገጽ የማምረቻ ክፍሉን ለሚመራው ለሶል ብሮድስኪ ያስረክብና ይወጣል፤ ሊ ገጾቹ ሲደርሱት የዚህን ወር ታሪክ እንደ ማንኛውም አንባቢ ከሥዕሉ ላይ ያነባል። ከ1965 ጀምሮ መጽሔቱ ራሱ የሴራው ባለቤት ዲትኮ መሆኑን ጽፏል። በጥር 1966 በኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን በወጣ ጽሑፍም ሊ የስፓይደር ማንን ሴራ እሱ መንደፍ እንደተወ ተናግሯል። («ሴራ» የሚለውን የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን የሰጡንን ቃል እንደዚህ ጊዜ ወድጄው አላውቅም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተባብረው የሚሸርቡት ነገር ሌላ ምን ይባላል?)

በዚያው ዓመት ዲትኮ ሠላሳ ስምንት ቁጥሮችና ሁለት ዓመታዊ ልዩ እትሞች ሠርቶ ሄደ። የመጨረሻው ቁጥር 38 የስንብት ሽታ የለውም። ጆ ስለሚባል፣ ዕድል ስላልቀናው ቦክሰኛ የሚያወራ፣ ግማሽ ቀልድ የሆነ ታሪክ ነው። ለአንባቢ የተነገረው በግል ምክንያት መልቀቁ ብቻ ነው። ስለ አካሄዱ ብዙ ተወርቷል። አንዱ ወሬ «ግሪን ጎብሊን» የሚባለው ጭምብላም ክፉ ማን ይሁን በሚለው ተጣልተው ነው ይላል፤ ሊ የታወቀ ሰው ይሁን ሲል ዲትኮ ማንም የማያውቀው አላፊ አግዳሚ ይሁን ብሎ ነው ይባላል። ዲትኮ ከዓመታት በኋላ በጻፋቸው መጣጥፎች ይህን አስተባብሏል፤ ጎብሊን ማን እንደሚሆን ገና ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበረ፣ ሰውየውንም አስቀድሞ በጋዜጣ አሳታሚው በጄምሰን የነጋዴዎች ክበብ ውስጥ አስቀምጦት እንደነበረ ገልጿል። እኔ የምቀበለው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር መደበቅ የዲትኮ አመል ነው።

*

ጆን ሮሚታ የመጣው ከፍቅር ነው። ቀልዴን አይደለም፤ ማርቭል ከመግባቱ በፊት ለዲሲ ኩባንያ ለዓመታት የሣለው የፍቅር ኮሚክስ ነበር፤ ያማሩ ሴቶች፣ የሚያለቅሱ ዓይኖች፣ በነፋስ የሚነሣ ፀጉር። ማርቭል ገብቶ «ዴርዴቭል» የሚባለውን መጽሔት ያዘ። በ1966 ሊ በዴርዴቭል ቁጥር 16 እና 17 ላይ ስፓይደር ማንን በእንግድነት እንዲያስገባ አዘዘው። ሮሚታ በኋላ እንደተረዳው ነገሩ ፈተና ነበር፤ ወንበሩ ሳይለቀቅ ልብሱ ይለካለት ነበር ማለት ነው።

ሥራው ሲሰጠው ሮሚታ ያሰበው ዲትኮ እንደሚመለስ ነበር። ይህን በየቃለ ምልልሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። በደንብ የሚሸጥ መጽሔት ትቶ የሚሄድ ሰው አለ ብሎ ማመን አልቻለም። ስለዚህ ቤቱን እንደ አደራ ጠባቂ ያዘው። የዲትኮን ትናንሽ ሣጥኖች ሠራ፤ በራሱ ወፍራምና ለስላሳ መስመር ፈንታ ቀጭን መስመር ተጠቀመ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ዕቃው ሳይነካ እንዲያገኘው።

ግን አልሆነለትም። ቁጥር 39ን ስትገልጡ ፒተር አምሮበታል። አንገቱ ሞልቷል፣ አገጩ ተስተካክሏል፣ ትከሻው ቀና ብሏል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃሪ ኦዝቦርን፣ ትናንት ፊቱን ያዞረበት ልጅ፣ ስለ አባቱ ችግር ያዋየዋል፤ ፒተርም የራሱን ሐዘን ነግሮ ያጽናናዋል። አንድ ወር ቀደም ብሎ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የዲትኮ ሰዎች ትከሻቸው ለመደገፍ አልተሠራም።

አሁን የመዳፉን ፈተና ልመልሰው፤ በዚህ ጊዜ ገልብጠን። ቁጥር 38ንና ቁጥር 39ን ሥዕሉን ሸፍናችሁ ቃሉን ብቻ አንብቡ። ያው ቀልድ፣ ያው ልጁ ለራሱ የሚያጉረመርመው ማጉረምረም፣ ያው አንባቢውን ጎሸም እያደረገ የሚያጫውት ስታን ሊ ነው። ሰው መለወጡን የሚያውቅ የለም። መዳፋችሁን አንሡ፤ ዓለሙ ሌላ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የዚህ መጽሔት ደራሲ ማን ነበር? ለብዙ ዓመታት ክርክሩ የተካሄደው በትዝታና በቃለ ምልልስ፣ «እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ የለም እኔ ነኝ» በሚል ነው። እኔ የሚታየኝ ማስረጃ የትም ሳይርቅ በመጽሔቱ ገጾች ላይ መቀመጡ ነው። አንዱ ቀርቶ አንዱ ሲሄድ፣ የሄደው ይዞት የሄደውን ቁጠሩ።

ይዞት የሄደው ደግሞ የመስመር ዓይነት ብቻ አይደለም። ሜሪ ጄን ዋትሰንን እዩ። ስሟ መጀመሪያ የተነሳው በ1964 በቁጥር 15 ነው፤ አክስት ሜይ ፒተርን ልትድርለት የምትመኛት የጎረቤት ዘመድ። ፒተር «አሮጊቶች የመረጡት ምን ይሆናል» ብሎ ይሸሻል። በ1965 በቁጥር 25 ቤቱ ድረስ ትመጣለች፤ ሌሎቹ ልጃገረዶች አይተው በቁንጅናዋ ይደነግጣሉ፤ እኛ ግን ፊቷ ተጋርዶብን አናያትም። ዲትኮ ከዚህ አልዘለለም። እስኪሄድ ድረስ ፊቷን አላሳየንም። ሮሚታ በመጣ በአራተኛው ቁጥር፣ በኅዳር 1966፣ በሩ ተከፍቶ በመጨረሻው ሣጥን ውስጥ ቆማለች፤ ቀይ ፀጉር፣ ሙሉ ፈገግታ፣ ፒተርም አፉን ከፍቶ። ጎብሊንንስ ቢሆን? ዲትኮ ለሁለት ዓመት ያህል ጭምብሉን አላወለቀለትም፤ ሮሚታ በመጀመሪያው ወር አወለቀው፤ የሃሪ አባት ኖርማን ኦዝቦርን ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አዲሱ ሰው ቤቱ በገባ በአራት ወር ውስጥ ሁለቱን የተሸፈኑ ፊቶች ገለጠ። ሊ አዝዞት ይሁን ሴራው ደርሶ ይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም። ዲትኮ ሰው የሚታወቀው በሚሸሽገው ነው ብሎ ያምን ነበር። ሮሚታ ሰው የሚወደደው ሲታይ ነው ብሎ ያምናል። ይህ እምነት በብዕር ውፍረት አይኮረጅም።

ይህን ከሩቅ ሆኜ የምናገር እንዳይመስል አንድ የራሴን ጉድ ላውጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው የነበረውን ልቦለድ ደራሲው ከአዘጋጁ ጋር ተጣልቶ መንገድ ላይ ጣለው። አዘጋጁ ጠርቶ «ቀጥልበት፣ በእሱ ስም ነው የሚወጣው» አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበርና አልተግደረደርኩም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ስለ ሰው ልጅ አሳዳጊነት ያስተማረኝ ነገር ባይኖርም፣ ደራሲው የሚወዳቸውን ቃላት ዘርዝሬ፣ ዐረፍተ ነገሩ ስንት ቃል ድረስ እንደሚረዝም ቆጥሬ ገባሁበት። አራት ሳምንት ማንም አልነቃብኝም፤ እኔም በውስጤ ኮራሁ። በአምስተኛው ሳምንት የታሪኩ ጨካኝ እንጀራ እናት በእኔ እጅ ማልቀስ ጀመረች። ሳላስበው ነው። አንዲት አንባቢ «ሴትየዋ ታማለች እንዴ?» ብላ ጻፈች። በኋላ ዋናው ደራሲ አንድ ሻይ ቤት አገኘኝ። ይሰድበኛል ብዬ ተሸማቀቅሁ። ስለ ስሙም ስለ ገንዘቡም አላነሳም። «እሷ እኮ አታለቅስም ነበር» ብሎኝ ሻይውን ጠጣ።

ስለዚህ ሮሚታን የዲትኮ ሌባ አድርጎ የሚያይ ተቺ ሲያጋጥመኝ አልስማማም። ሰውየው መኮረጅ እስኪያቅተው ድረስ ኮርጇል። ሲያቅተው ግን የራሱን ሰው ሠራ፤ አንባቢም ወደደለት። መጽሔቱ በእሱ እጅ የማርቭል ቀዳሚ ተሸያጭ ሆነ። በዓለም ዙሪያ በቦርሳና በካናቴራ ላይ የምናየው ስፓይደር ማንም በአመዛኙ የሮሚታ ነው።

የተሸጠ ሁሉ ተሻሻለ ማለት ግን አይደለም። የማዝነው ስለ ድህነቱ ነው። በዲትኮ ዘመን የፒተር ችግር አክስቱ የቤት ኪራይና የመድኃኒት ገንዘብ ከየት እንደምታመጣ ነው፤ ፎቶግራፍ አንስቶ ለዴይሊ ቢውግል ጋዜጣ ይሸጣል፤ ጄምሰን ይቆነጥርለታል፤ ያችን ይዞ ቤቱ ይገባል። በሮሚታ ዘመንም ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ግን በሞተር ብስክሌት እየሄደ ነው የሚለው። በ1967 ከሃሪ ጋር ማንሃተን ውስጥ ቤት ይጋራል፤ ግዌንና ሜሪ ጄን በሁለት ወገን ይሻሙበታል። «የለኝም» የሚለው ቃል የሊ ነው፤ ሥዕሉ ግን «አለው» ይላል። በቃልና በሥዕል መካከል እንዲህ ያለ ውሸት በዲትኮ ገጾች ላይ አላየሁም።

በሌላ በኩል ደግሞ ዲትኮን ጻድቅ ማድረግም አልፈልግም። ዲትኮ የደራሲዋ የአየን ራንድ ፍልስፍና ተከታይ ነበር፤ ክፉና ደግ መካከለኛ የላቸውም፣ ሰው ለራሱ ራሱ ብቻ ነው የሚል። ይህ እምነት ብቸኛውን ልጅ ከብረት ሥር ሲያነሣው ታላቅ ነው። በቁጥር 38 ግን ፒተር በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ባሉ ተማሪዎች አጠገብ ሲያልፍ ሰልፈኞቹ ሥራ ፈቶች፣ ፊታቸውም የሞኝ ፊት ሆኖ ተሥሏል። የሚጠይቁት ነገር ምን ይሆን ብሎ ለማሰብ ሥዕሉ ቦታ አይሰጥም። የአክስቴ ልጅ በኮምፒውተሩ ቁጥር 68ን አሳይቶኛል፤ የ1969 ነው፤ ሮሚታና ሊ በአንድነት የሠሩት። ተማሪዎቹ አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሆን ማደሪያ እንዲሰጥ ይሰለፋሉ። ፒተር ያመነታል፤ ጥያቄያቸውን ግን ይሰማል፤ ሰልፈኞቹም የየራሳቸው ፊት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የተማሪ ሰልፍ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻውን ይበቃል። ሰው ማስዋብ የሚወደው የሮሚታ እጅ፣ ያን ጊዜ ሰውን ሰው አድርጎ ለማየት ጠቀመ።

ከሁሉ በላይ ሐሳቤን ያላወሰው ግን ግዌን ስቴሲ ናት። ግዌንን የፈጠራት ዲትኮ ነው፤ በ1965፣ በቁጥር 31፤ ቀዝቃዛ፣ ኩሩ፣ ዓይኗ የሚለካ ልጅ። ሮሚታ አለዘባት፣ አሳቃት፣ ከፒተር ጋር አፋቀራት። ይህን ሁሉ ሳነብ «ይኸው፣ የፍቅር ኮሚክሱ ገባ» እያልኩ እበሳጭ ነበር። ከዚያ 1973 ይመጣል፤ ቁጥር 121። ጸሐፊው ጌሪ ኮንዌይ፣ ሠዓሊው ጊል ኬን ናቸው፤ ሮሚታ ሥዕሉን በቀለም ያጠናቅቃል። ጎብሊን ግዌንን ከድልድይ ላይ ይወረውራታል፤ ስፓይደር ማን በድሩ እግሯን ይይዛታል፤ ሲያወጣት ሞታለች። አክስት ሜይን ለመግደል ታስቦ ሳለ ግዌን ትሙት ያለው ሮሚታ ራሱ መሆኑን ኮንዌይ መስክሯል። ለዓመታት ባስዋባት እጁ ነው የጨረሳት። የዲትኮ ግዌን ብትሞት እናዝን ነበር ይሆናል፤ አናለቅስም። የዲትኮ ፒተር የሚያጣው ነገር አስቀድሞም አልነበረውም። ይህን ሳስብ ስለ ሞተር ብስክሌቱ ያማረርኩትን መልሼ አላጠፋም፤ ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ሦስቱም አሁን በሕይወት የሉም። ዲትኮና ሊ በአንድ ዓመት በ2018፣ ሮሚታ በ2023 አረፉ። ዲትኮ ለአሥርት ዓመታት ቃለ ምልልስ አልሰጠም፤ ፎቶግራፍም አይወድም ነበር፤ ሥራዬ ይናገርልኝ ባይ ነው። ሊ በ1999 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ዲትኮን የስፓይደር ማን ተባባሪ ፈጣሪ አድርጎ ሁልጊዜ እንደሚቆጥረው አስታወቀ። ብዙ ሰው «እንኳን ታረቁ» ብሎ ነበር። ዲትኮ ግን ቃሉን አንሥቶ መረመረው፤ መቁጠር ማሰብ እንጂ ማመን አይደለም አለ። አንዳንዶች ግትርነት ነው ብለውታል። ቃል በሥዕል ላይ የሚጫንበት ቤት ውስጥ የኖረ ሠዓሊ አንዲት ቃል ብትቆረቁረው ግን እኔ አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጥራዝ የሚዘጋው በቁጥር 50 ነው፤ ሐምሌ 1967። ፒተር መሮታል፤ ጋዜጣው ይሰድበዋል፣ ትምህርቱ ወድቋል፣ አክስቱ ታማለች። ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ቀይና ሰማያዊው ልብስ በጓሮ ቆሻሻ መጣያ ላይ ተጥሎ ጭምብሉ ተንጠልጥሏል፤ ባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ እየሄደ ነው። ይህችን ሥዕል በ2004 የወጣው ሁለተኛው ፊልም እንዳለች ወስዷታል። የሮሚታ ገጽ ናት፤ መስመሩ ከእንግዲህ ማንንም አይመስልም። እኔ ግን ያንን ጀርባ ባየሁ ቁጥር ከዓመት በፊት ገጾቹን ለብሮድስኪ አስረክቦ የወጣው ሰው ይታየኛል። ዲትኮ በ1979 ለማርቭል እንደገና መሥራት ሲጀምር እንኳ ስፓይደር ማንን አልወሰደም። ልብሱን ከቆሻሻ መጣያው አንድ ልጅ ያገኘውና ለጄምሰን ይሸጠዋል፤ ጄምሰን ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ፒተር በዚያው ቁጥር መጨረሻ በመስኮት ገብቶ ወሰደው።